ኤምቢኤ የሚማረው ጓደኛዬ የባንኩን ሪፖርት ማንበብ ለምን አቃተው?

አንድ ጓደኛ አለኝ። ቀን ኮንስትራክሽን ድርጅት ውስጥ መሐንዲስ ነው፣ ማታ ኤምቢኤ ይማራል። የፋይናንሺያል አካውንቲንግ ሚድ ተፈትኖ ከ30 28 አመጣ። በዚያው ሳምንት አጎቱ ደወሉለት። አጎትየው ሚኒባሳቸውን ሸጠው እጃቸው ላይ ገንዘብ አለ። ድሮ ትንሽ አክሲዮን የገዙበት ባንክ ደግሞ ተጨማሪ አክሲዮን እየሸጠ ነው። «አንተ የምትማረው ይሄንኑ አይደል? እስቲ እየው፣ ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?» ብለው የባንኩን ዓመታዊ ሪፖርት በቴሌግራም ላኩለት።

ሪፖርቱ ከመቶ ገጽ በላይ ነው። ጓደኛዬ ከፈተው፣ ወደ ላይ ወደ ታች አለ፣ ከዚያ ለኔ ፎርዋርድ አደረገው። ከስሩ የጻፈልኝ እንዲህ የሚል ነው፦ «ጆርናል ስጡኝ ልሥራላችሁ። ይሄን ግን ከየት እንደምጀምረው አላውቅም።»

እኔ ዲግሪ የለኝም። የቢዝነስ ዜና ስሠራ እያነበብኩ፣ እየተሳሳትኩ፣ ሰው እያረመኝ የለመድኩት ነው። ስለዚህ «አስተማሪዎቹ አያውቁም» ልላችሁ አልተነሳሁም፣ ከኔ በብዙ እጥፍ ያውቃሉ። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ለማስተርስ ተማሪ የሚሰጠው የመጀመሪያው የአካውንቲንግ ኮርስ ሲታቀድ፣ ተማሪው በመጨረሻ ምን ማድረግ እንዲችል ታስቦ ነው?

ኮርስ አውትላይኑን ላክልኝ አልኩት። 3 ክሬዲት አወር፣ 16 ሳምንት። ከ16ቱ 9ኙ «የአካውንቲንግ ሳይክል» የሚባለው ላይ ያልቃሉ። ጆርናል፣ ሌጀር፣ ትራያል ባላንስ፣ ማስተካከያ፣ ወርክሺት፣ መዝጊያ። ከዚያ የዕቃ ክምችት፣ ከዚያ ቋሚ ንብረትና የእርጅና ቅናሽ። የጥሬ ገንዘብ ፍሰት መግለጫ 15ኛው ሳምንት ላይ ተቀምጦ አጠገቡ «ጊዜ ከተገኘ» ተብሏል። ሪፖርት ማንበብና መተንተን 16ኛው ሳምንት ላይ ነው። 16ኛው ሳምንት ደግሞ የፋይናል ዝግጅት ነው፣ ያው ታውቁታላችሁ።

የሚድ ፈተናው ትልቁ ጥያቄ በዶላር የሚሠራ የአንድ ሣር አጫጅ ድርጅት ወርክሺት ነበር። ከአሜሪካ መማሪያ መጽሐፍ እንዳለ የመጣ።

እዚህ ላይ ፍትሐዊ እንሁን። ማታ ክፍሉ ውስጥ የተቀመጡት እነማን ናቸው? መሐንዲስ አለ፣ ሐኪም አለ፣ ኤንጂኦ የሚሠራ አለ፣ ባንክ 8 ዓመት የሠራ አለ፣ በአካውንቲንግ የተመረቀም አለ። ግማሹ ዴቢት የትኛው ጎን እንደሆነ አያውቅም፣ ግማሹ ሰልችቶት ስልኩን ይነካካል። አስተማሪው ደግሞ ቅዳሜና እሁድ ሌላ ቦታ ሌላ ክፍል አለው፣ ምክንያቱም በአንድ ደሞዝ አይኖርም። በዚህ ሁኔታ በጣም ቀላሉ ነገር መጽሐፉን ከምዕራፍ 1 ጀምሮ መሄድ ነው። ለሁሉም እኩል ነው፣ ለማረምም ይመቻል። ወርክሺት ወይ ይመጣጠናል ወይ አይመጣጠንም፣ ክርክር የለውም።

ግን መዝገቡን ዛሬ የሚሠራው ማን ነው? መካከለኛ ድርጅት ውስጥ ግቡ፣ ፒችትሪ ነው። ባንክ ውስጥ የራሱ ሲስተም አለ። ኤምቢኤ ጨርሶ የክፍል ኃላፊ የሚሆን ሰው በእጁ ሌጀር አይሞላም። ሌላ ሰው የሠራው ሪፖርት ጠረጴዛው ላይ ይመጣለታል፣ «ይሄ ቁጥር ከየት መጣ?» ማለት ነው ሥራው።

ጊዜውም ተቀይሯል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ 847 አይኤፍአርኤስ የሚባለውን ዓለም አቀፍ ደረጃ አገር ውስጥ አስገባ፣ ባንኮችና ኢንሹራንሶች በመጀመሪያው ዙር ገቡበት። በ2013 የካፒታል ገበያ አዋጅ ወጣ። ጥር 2 ቀን 2017 የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ሥራ ጀመረ፣ ወጋገን ባንክ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሆነ። በመሃል ኢትዮ ቴሌኮም 10 በመቶ ድርሻውን፣ ማለትም 100 ሚሊዮን አክሲዮን፣ አንዱን በ300 ብር በቴሌብር አቀረበ። ዝቅተኛው ግዢ 33 አክሲዮን፣ 9,900 ብር ነበር። በመጨረሻ የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን አክሲዮን ሲሆን ከ47 ሺህ በላይ ሰው 3.2 ቢሊዮን ብር ገደማ ከፍሏል። ከእነዚህ 47 ሺህ ሰዎች ውስጥ ስንቱ ሰነዱን አንብቦ ገዛ? እናንተስ የገዛችሁ ካላችሁ አንብባችኋል? አልፈርድም፣ እኔም ሁሉንም አላነበብኩም።

ዋናው ነገር፣ ድሮ ሪፖርት የሚያነብ የገቢዎች ሠራተኛና ኦዲተር ብቻ ከነበረ፣ አሁን አጎትየውም አንባቢ ሆነዋል። እሳቸው የሚጠይቁት ደግሞ «ተማረ» የሚሉትን የወንድማቸውን ልጅ ነው።

ቅዳሜ ካፌ ተገናኘን፣ ሪፖርቱን ከፈትን። መጀመሪያ የተጣላነው ከ«ትርፍ» ጋር ነው። ጓደኛዬ ትርፍ ማለት ገቢ ሲቀነስ ወጪ እንደሆነ በደንብ ያውቃል። ግን ጭንቅላቱ ውስጥ ትርፍ ማለት ካዝና ውስጥ ያለ ብር ነው። ዘጠኝ ሳምንት ማስተካከያ ሲሠራ ከርሞ ይሄ አልለቀቀውም። መጽሐፉን ተውነውና ዕቁብ አነሳን።

10 ሰው፣ በወር 5,000 ብር። ዕጣው 50,000 ነው። አንተ በመጀመሪያው ወር ደረሰህ እንበል። የከፈልከው 5,000፣ እጅህ የገባው 50,000። አተረፍክ? አላተረፍክም። 45,000 ብር ዕዳ አለብህ፣ ዘጠኝ ወር ትከፍላለህ። ካዝናህ ሞልቷል፣ ሀብትህ ግን ንክች አላለም። በሌላ በኩል አሥረኛው ሰው አለ። ዘጠኝ ወር ሙሉ እየከፈለ 45,000 ብር አውጥቷል፣ እጁ ባዶ ነው። ከሰረ? አልከሰረም። ከሌሎቹ የሚሰበስበው 45,000 ብር ተሰብሳቢ ሂሳብ አለው። ጥሬ ገንዘብና ትርፍ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን፣ ሀብትና ዕዳ ምን እንደሆኑ፣ አንድ ነገር ሁልጊዜ ሁለት ጎን እንዳለው፣ እናቱ ዕቁብ ስትጥል ያየ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ስሙን ነው የማያውቀው።

አሁን አንድ እርምጃ እንጨምር። መጀመሪያ ዕጣ የደረሰው ሰውዬ ስልኩን ዘጋ። አሥረኛው ሰው በደብተሩ ላይ አሁንም 45,000 ብሎ ይጻፍ? እስኪጠፋ ጠብቆ ነው የሚቀንሰው ወይስ ገና ሲገባ፣ ዳኛውን አይቶ፣ ዋሶቹን አይቶ፣ «ከዚህ ውስጥ ይሄን ያህሉ ላይመጣ ይችላል» ብሎ ነው መያዝ ያለበት? የባንክ ሪፖርት ውስጥ ከከበዱት ጥያቄዎች አንዱ ይሄ ነው። አይኤፍአርኤስ 9 የሚባለው ደረጃ የሚለው ሁለተኛውን ነው፣ ብድሩ እስኪበላሽ አትጠብቅ፣ የምትጠብቀውን ኪሳራ ከወዲሁ ያዝ። ያ መጠባበቂያ ትርፉን ይቀንሳል። መጠባበቂያውን ዝቅ ያደረገ ባንክ ዘንድሮ ትርፋማ ይመስላል፣ ሒሳቡ በኋላ ይመጣል።

ጓደኛዬ ይሄን ሲሰማ ሪፖርቱን ራሱ ማገላበጥ ጀመረ። የብድር መጠባበቂያው ባለፈው ዓመትና ዘንድሮ ስንት ነው? ብድሩ ራሱ በስንት አደገ? ብድር በጣም አድጎ መጠባበቂያ እዚያው ከቆመ «ለምን?» ማለት ነው። መልሱ ጥሩ ሊሆን ይችላል፣ ማብራሪያው ውስጥ ይኖራል። ጥያቄውን ለመጠየቅ ግን አንድም ጆርናል አላስፈለገውም።

እንግዲህ «ባንኩ 1 ቢሊዮን ብር አተረፈ» የሚለው ዜና ላይ መጣን። ጥፋቱ የኛ የጋዜጠኞችም ነው፣ እኔም እንዲህ እያልኩ ጽፌ አውቃለሁ። ብዙ ጊዜ ባንኮች ለሚዲያ የሚናገሩት ከግብር በፊት ያለውን ነው። በግርድፉ እናስላው፦ የንግድ ትርፍ ግብር 30 በመቶ ሲወጣ 700 ሚሊዮን ይቀራል። ከዚህ ላይ ባንኮች 25 በመቶውን ሕጋዊ መጠባበቂያ ውስጥ ያስገባሉ፣ መጠባበቂያው ከካፒታሉ ጋር እስኪስተካከል ድረስ። 175 ሚሊዮን ሄደ። 525 ሚሊዮን ቀረ። የብሔራዊ ባንክ የብድር መጠባበቂያ ስሌት ከአይኤፍአርኤሱ ከበለጠ ልዩነቱ ለብቻ ይቀመጣል፣ እሱም ለባለአክሲዮን አይከፋፈልም። አጎትየው «1 ቢሊዮን» ሰምተው ነው ልባቸው የቆመው። የሚደርሳቸው ከ525ቱ ወይም ከዚያ ካነሰው ነው፣ ያውም ለስንት አክሲዮን እንደሚካፈል ታይቶ። አዲስ አክሲዮን በተሸጠ ቁጥር ተካፋዩ ይበዛል።

አክሲዮን ለምን ይሸጣሉ ካላችሁ አንዱ ምክንያት የሚታወቅ ነው። ብሔራዊ ባንክ የባንኮች ዝቅተኛ ካፒታል 5 ቢሊዮን ብር እንዲሆን፣ ቀነ ገደቡም ሰኔ 2018 እንዲሆን አዝዟል።

ሁለተኛው ትልቅ ትምህርት የብሩ ነው። እኔ ብጠየቅ ከሌላው ሁሉ በፊት ይሄን ነበር ክፍል ውስጥ የማስገባው።

ድርጅቶቻችን አብዛኞቹ ዓመታቸውን የሚዘጉት ሰኔ 30 ነው። የምንዛሬ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን የተደረገው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ነው። 22 ቀን ልዩነት! አሁን 10 ሚሊዮን ዶላር ብድር ያለበትን አንድ ድርጅት አስቡ። ሰኔ 30 ላይ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነው፣ ዕዳው 570 ሚሊዮን ብር ተብሎ ተመዘገበ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ዶላር 100 ብር አለፈ። በ100 እንኳን ብናሰላው ዕዳው 1 ቢሊዮን ነው። ድርጅቱ አንድ ዶላር ሳይበደር 430 ሚሊዮን ብር ዕዳ ጨመረ። ሪፖርቱ ኦዲት ተደርጎ ሲወጣ መስከረም ወይ ጥቅምት ሆኗል፣ ሁሉም ሰው ዶላሩን ያውቃል። ጥያቄ፦ የሰኔ 30ው ሪፖርት ላይ 570 ነው የሚጻፈው ወይስ 1 ቢሊዮን?

ለጓደኛዬ ጠየቅኩት። «1 ቢሊዮን! እውነታው እሱ ነዋ» አለ። መልሱ 570 ነው። ደረጃ ቁጥር 10 የሚለው፣ ዓመቱ ካለቀ በኋላ የተፈጠረ ነገር ቁጥሩን አይቀይርም፣ ነገር ግን ከባድ ከሆነ ማብራሪያው ውስጥ በግልጽ መነገር አለበት። የምንዛሬ ያልተለመደ ለውጥ ራሱ ደረጃው ውስጥ በምሳሌነት ተጠቅሷል። ስለዚህ የዚያ ዓመት የሀብትና ዕዳ መግለጫውን ብቻ ያየ ሰው ምንም አላየም ማለት ይቻላል። ወሬው ያለው ከኋላ ነው፣ በትንንሽ ፊደል፣ ማንም በማያነበው ማብራሪያ ውስጥ።

የዚህ ተገላቢጦሽም አለ። የውጭ ምንዛሬ ሀብቱ ከውጭ ምንዛሬ ዕዳው የሚበልጥ ባንክ በ2017 ብሩ ሲወርድ የምንዛሬ ትርፍ ይመዘግባል። ሕጋዊ ነው፣ ማጭበርበር የለውም። ግን ይሄ ትርፍ የመጣው ባንኩ ብዙ ስለሠራ አይደለም፣ በሚቀጥለው ዓመት ይደገማል ብሎ አክሲዮን የሚገዛ ሰው ራሱን ይሸውዳል። አጎትየው በላኩት ሪፖርት ላይ ትርፉ ያደገበትን መስመር ስንፈልግ ያየነው ይሄንኑ ነው። የወለድ ገቢው አድጓል፣ ግን ትልቁ ዝላይ የምንዛሬው መስመር ላይ ነበር። ጓደኛዬ ዝም አለ። ከዚያ «ይሄን ክፍል ውስጥ ቢያሳዩኝ ኖሮ…» ብሎ ሳይጨርስ ቡናውን ጠጣ።

እንደዚህ ዓይነት ምሳሌ ሞልቶናል። መጋቢት 2016 የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም የተበላሸባት ሌሊት ትዝ ትላችኋለች? ባንኩ ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ እንደወጣ ተናገረ፣ ገሚሱ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ኤቲኤም ላይ ተሰልፎ ነበር። ብሩ ከካዝና ወጣ፣ አንዱ ጎን ይሄ ነው። ሌላው ጎንስ? ኪሳራ ነው ወይስ ተሰብሳቢ? ባንኩ ስም ዝርዝርና ፎቶ እየለጠፈ ማስመለስ የቻለው ማን ስንት እንደወሰደ መዝገቡ ላይ ስላለ ነው፣ ስለዚህ ተሰብሳቢ ነው ማለት ይቻላል። ከዚህ ውስጥ ላይመለስ ይችላል ተብሎ የሚጠበቀው ደግሞ ወደ ኪሳራ ይዞራል። ይሄን ክፍል ውስጥ ብታነሱት የሚያንቀላፋ ተማሪ ይኖራል? ሣር አጫጁ ግን ያስተኛል።

የዕቃ ክምችት ምዕራፉ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። አውትላይኑ ላይ «ላይፎ» አለ፣ መጨረሻ የገባው ዕቃ መጀመሪያ እንደተሸጠ የሚቆጥረው ዘዴ። አሜሪካ ውስጥ ይፈቀዳል። በዓለም አቀፉ ደረጃ ቁጥር 2 ግን ክልክል ነው፣ ሃያ ዓመት አልፎታል። ማለትም ተማሪው ሁለት ክፍለ ጊዜ ሙሉ የሚያሰላው ባንኩም ኢንሹራንሱም ቢሠራበት ኦዲተሩ የማይቀበለውን ዘዴ ነው። እንደ ታሪክ ይነገር፣ ፈተና ላይ ምን ይሠራል?

ታዲያ ዴቢትና ክሬዲት ይቅር እያልኩ አይደለም። ሁለት ጎንነቱን በእጁ ያልሠራ ሰው ሪፖርት ሲያነብ ያልተገናኙ ቁጥሮች ነው የሚያየው። ዕቁቡን በቲ አካውንት መሥራት፣ የሰፈር ሱቅ የአንድ ወር ዱቤ መሥራት፣ ከዚያ ሦስቱ መግለጫዎች እንዴት እንደሚያያዙ ማየት፣ ለዚህ ሦስት ሳምንት በቂ ይመስለኛል። አካውንቲንግ የተመረቁት በእነዚያ ሳምንታት ሌሎቹን ያስረዱ፣ የሚሰለቹት ሥራ ስለሌላቸው ነው። የቀረው 13 ሳምንት ከአንድ እውነተኛ ሪፖርት ጋር ቢሄድ። እያንዳንዱ ቡድን በመጀመሪያው ቀን አንድ ባንክ ወይም ኢንሹራንስ ይምረጥ፣ ብድር ሲማሩ የራሱን ባንክ ብድር ያንብብ፣ ቋሚ ንብረት ሲማሩ የራሱን ባንክ ሕንፃ ያንብብ። የጥሬ ገንዘብ ፍሰቱ ደግሞ መጨረሻ መሆኑ ቀርቶ መጀመሪያ አካባቢ ይምጣ፣ ምክንያቱም ከ«ትርፍ ማለት ብር ነው» የሚያላቅቀው እሱ ነው።

ፈተናው ካልተቀየረ ግን ሁሉም ከንቱ ነው። ተማሪ የሚያጠናው የሚፈተነውን ነው። ወርክሺት ከፈተናችሁት ወርክሺት ያጠናል። ሁለት ገጽ ማብራሪያ ሰጥታችሁ «ይሄ ድርጅት ብድር ቢጠይቅህ ምን ትጠይቀዋለህ?» ካላችሁት ማንበብ ይጀምራል። ለማረም ከባድ ነው፣ 60 ተማሪ ያለው ክፍል ላይ ደግሞ የበለጠ። እዚህ ላይ ዩኒቨርሲቲዎቹ ለአስተማሪው ጊዜም ክፍያም ካልጨመሩለት አስተማሪውን ብቻ መውቀስ ጉንጭ ማልፋት ነው።

ሪፖርት ከየት ይገኛል ለሚለው፣ ብዙ ባንኮች ዓመታዊ ሪፖርታቸውን ድረ ገጻቸው ላይ ያወጣሉ። ሌሎች ብዙ ድርጅቶች አያወጡም፣ የሚያወጡትም አንዳንዶቹ የተቃኘ ፎቶ ነው፣ ስልክ ላይ ስታሰፉት ይደበዝዛል። ቋንቋውም እንግሊዝኛ ነው፣ አጎትየው ማንበብ ቢፈልጉም አይችሉም። ገበያው ላይ የተመዘገቡት ድርጅቶች መረጃ የማውጣት ግዴታ ስላለባቸው ቁጥራቸው በጨመረ ቁጥር ይሄ ይሻሻላል።

ጓደኛዬ ማክሰኞ ዕለት ለአጎቱ ደወለ። ግዙ ወይም አትግዙ አላላቸውም። ቅርንጫፍ ሄደው የሚጠይቁትን በወረቀት አስጻፋቸው፦ ከምንዛሬ የመጣውን ትርፍ ብናወጣው ስንት ይቀራል፣ የብድር መጠባበቂያው ለምን አላደገም፣ ከአዲሱ ሽያጭ በኋላ ትርፉ ለስንት አክሲዮን ነው የሚካፈለው። አጎትየው ሄዱ። የቅርንጫፍ ሠራተኛዋ የመጀመሪያውን ሰምታ ሳቀች አሉ፣ «አባቴ፣ ይሄን ዋናው መሥሪያ ቤት ነው የሚያውቀው» ብላ ስልክ ቁጥር ሰጠቻቸው። እስካሁን መልስ አላገኙም፣ ብሩም አካውንታቸው ላይ እንደተቀመጠ ነው።

ጓደኛዬ የፊታችን ቅዳሜ ፋይናል አለው። ምን እያጠናህ ነው ብዬ ትናንት ጠየቅኩት። የመዝጊያ ጆርናል አለኝ።